በጎጃም ደጋ የደም ዕርቅና የመንግሥት አስተዳደር ድርሻ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ በሚገኘው የጎጃም ደጋ ነፍስ በጠፋ ጊዜ ጠቡ በገዳዩና በሟቹ ቤት ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ሁለቱ ወገኖች ከነዘመዶቻቸው ደመኞች ይሆናሉና። መነሻው የእርሻ ድንበር ወይም በድግስ ላይ የተሰነዘረ ክፉ ቃል ሊሆን ይችላል። ደሙን ያልመለሰ ወገን እንደ ፈሪ ስለሚቈጠር፣ የልቅሶው ሙሾና የፉከራው ቃል ግዴታውን ያስታውሱታል።

የመንግሥት ሕግና ልማድ የሚለያዩት በዚህ ላይ ነው። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ በ1997 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ጥፋተኛውን ግለሰብ ነው። እስራቱን ፈጽሞ የወጣ ሰው በሕግ ፊት ዕዳውን ከፍሏል፤ በደመኛው ዘንድ ግን ደሙ ገና አልደረቀም።

ደም የሚያደርቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ከካህናት ጋር ሆነው በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ፤ በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይለምናል፤ ካሣ ይቈረጣል፤ በመሐላና በዋስ ይታሰራል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ ሲቀርቡ ዕርቁ በሕዝብ ፊት ይጸናል።

መንግሥት ይህን ልማድ ፈጽሞ ችላ አላለውም። የአጥቢያ ዳኞች ሕግ እስከ 25 ብር የሚደርሰውን ክርክር ለአጥቢያው ዳኛ ሲሰጥ፣ አስቀድሞ ተከራካሪዎቹን ለማስታረቅ እንዲጥር አዞት ነበር። ነፍስ የጠፋበት ጉዳይ ከሥልጣኑ በላይ ቢሆንም፣ የድንበር ክርክር በጊዜው ቢታረቅ ደም ሳይፈስ ይቀራልና ጥቅሙ ቀላል አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ለዕርቅ ስፍራ ሰጥቶታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ አነስተኛውን ክርክር ተረከበ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 34 የባህል ዳኝነትን በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ስለወሰነው፣ የደም ዕርቅ የወንጀሉን ክስ አያስቀርም፤ ከፍርዱ ጎን ይቆማል እንጂ።

እንግዲህ የአስተዳደሩ ተገቢ ድርሻ ሽማግሌውን መተካት አይደለም። ወገኖቹ ያለ ስጋት የሚገናኙበትን ጸጥታ መጠበቅ፣ ለስምምነቱ ምስክር መሆን፣ የጠቡን ሥር የሆነውን ድንበር በሕግ ማስለየት ነው። ሹም ቸኩሎ በግድ ያስጨበጣቸው እጆች ቂምን አይፈቱም፤ የሟች ወገን ወዶ ሲምር ብቻ ደም ይደርቃል።