ባለ ካሜራው ስልክና የተሸከመው አማና

(ከሬዲዮ ዝግጅታችን የተወሰደ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ድረስ ፈለጋቸውን በሚከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን አንድ አባት ካቀረቡልኝ ጥያቄ የተነሳ ነው። እኚህ አባት ከዐስር ሰላት በኋላ መስጂዱ በር ላይ ጠብቀውኝ እንዲህ አሉኝ፦ “ኡስታዝ፣ ልጄ ስልክ ግዛልኝ እያለ አስጨነቀኝ። ትልቁን ባለ ኢንተርኔት ስልክ እንደማልገዛለት ቆርጫለሁ። ገበያ ወጥቼ ስጠይቅ ግን ርካሽ ባለ ቁልፍ ቀፎ አሳዩኝ። ካሜራ አለው፣ ጌም አለው፣ ሚሞሪ ካርድም ይቀበላል። ኢንተርኔት እስካልተጠቀመበት ድረስ ምንም አያመጣም ብዬ ልገዛለት ነው። ምን ይላሉ?”

እኔም፣ “ይግዙለት፤ ‘ምንም አያመጣም’ የሚለውን ቃል ግን ይተዉት” አልኳቸው። በቆምንበት ብዙ ማውራት ስላልቻልን ቀሪውን ለእርሳቸውም ለእናንተም በዚህ ዝግጅት ላቀርብ ቃል ገባሁ። እነሆ ዛሬ አላህ አደረሰን።

ዕቃውን እንወቀው

ስለ አንድ ነገር ከመፍረድ በፊት ነገሩን ማወቅ ይቀድማል። በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1999 በአዲስ አበባ ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ስልክ ማለት መደወያ ማለት ነበር። እ.ኤ.አ በ2003 የወጣውን ባትሪ ያለውን ኖኪያ 1100 የማያስታውስ ጥቂት ነው። ያ ቀፎ በጨለማ ያበራ ነበር፣ እባቡን የምናሳድግበት ጌምም ነበረው፤ ካሜራ ግን አልነበረውም።

በሌላው ዓለም ካሜራና ስልክ አንድ ላይ መሆን የጀመሩት ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ በ2000 መጨረሻ ሻርፕ የሠራው ባለ ካሜራ ስልክ በጃፓን ለገበያ ቀረበ። ምስሉ ከ110,000 ነጥቦች የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ በ2002 ኖኪያ 7650 የሚባለውን ቀፎ አወጣ፤ የእሱ ምስል 300,000 ያህል ነጥቦች ነበሩት። ከዚያ በኋላ ዋጋው እየወረደ፣ የሚሠራው ሥራ እየበዛ ሄደ። እ.ኤ.አ በ2009 የወጣው ኖኪያ 2700 ተራው ሰው ሊገዛው የሚችል ቀፎ ሆኖ ሳለ 2 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ፎቶ ያነሳ፣ ቪዲዮ ይቀርጽ፣ እስከ 2 ጊጋባይት የሚይዝ ካርድም ይቀበል ነበር። ዛሬም እንዲህ ያሉ ባለ ቁልፍ ቀፎዎች፣ የሠሪዎቻቸው ስም ይለያይ እንጂ፣ በየሱቁ ይሸጣሉ።

ሰዎች “የዚህ ስልክ ካሜራ ደካማ ነው፣ ምን ያሳያል?” ይላሉ። ውድ አድማጮች፣ 300,000 ነጥብ ያለው ምስል ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ላይወጣው ይችላል። የአንዲትን እህት ፊት ለይቶ ለማሳየት ግን ይበቃል። ብሉቱዝ የሚባለውም መላኪያ በእነዚህ ስልኮች ላይ እስከ 10 ሜትር ገደማ ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው ምስል ያሻግራል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ የአየር ሰዓት ካርድ አይፈልግም፣ ሒሳብም አይቆርጥም። ስለዚህ “ኢንተርኔት የለውም” ማለት “ከእጁ አይወጣም” ማለት አይደለም።

ዕቃው ሐላል ነው ወይስ ሐራም?

ዑለማዎች እንደሚያስተምሩት የዕቃዎች መሠረታዊ ብይን የተፈቀዱ መሆናቸው ነው፤ ክልከላ ማስረጃ ይፈልጋል። በካሜራ ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ በዑለማዎች መካከል የታወቀ ልዩነት አለ። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ሙሐመድ በኺት አልሙጢዒይ የካሜራ ምስል ጥላን እንደመያዝ ያለ እንጂ በእጅ እንደመሣልና እንደመቅረጽ አይደለም በማለት ፈቅደዋል። ሸኽ ኢብን ባዝንና ሸኽ አልባኒን የመሰሉ ዑለማዎች ደግሞ ለመታወቂያና ለመሳሰለው አስፈላጊ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከልክለዋል። እያንዳንዱ ሙስሊም የሚተማመንባቸውን ዓሊሞች ይጠይቅ። በዚህ ልዩነት እየተከራከርን ግን ልዩነት የሌለበትን ነገር መርሳት የለብንም። ሰውን ሳያውቅ ማንሳት፣ ዐውራን መግለጥና የሙስሊምን ነውር ማሰራጨት ማንም ዓሊም አልፈቀደም።

አንዲት እናት ያለቀሱባት ቀን

ባለ ካሜራ ስልክ በሰፈራችን ገና መታየት በጀመረበት ዘመን እኔ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ፤ ከመግሪብ በኋላም በመስጂዱ እቀራ ነበር። ካጠራቀምኩት ላይ ወንድሜ ጨምሮልኝ አንድ ያገለገለ ባለ ካሜራ ቀፎ ገዛሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቁርኣን አዳምጥበታለሁ፣ የኡስታዞችን ትምህርት እቀዳበታለሁ፣ የትምህርት ማስታወሻ ፎቶ አነሳበታለሁ።

አንድ ቀን ከጓደኞቼ አንዱ በብሉቱዝ ፎቶ ላከልኝ። ሰርግ ላይ በሴቶች ዳስ ውስጥ የተነሳ ነው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ሂና የተቀባ እጇን ዘርግታ ትስቃለች፤ ሒጃቧን አውልቃለች። በሴቶች መካከል ስለነበረች ምንም ጥፋት አልነበረባትም። ያነሳቻት የአጎቷ ልጅ ናት፣ ለማስታወሻ ብላ። ፎቶውን ያሰራጨው ግን ስልኩን ተውሶ ያገኘው ወንድሟ ነው። እኔ አፍሬ ሰረዝኩትና ዝም አልኩ። ለላከልኝ ልጅ “ይህ ሐራም ነው፣ አንተም ሰርዘው፣ ለላከልህም ንገረው” አላልኩትም። የድርሻዬን የተወጣሁ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ እናት ኢማማችን ዘንድ መጡ። እኔ ኪታቤን ይዤ እዚያው ተቀምጬ ነበር። “ሸኽ፣ ልጄ ከቤት አልወጣም አለች። ሊያጯት የነበሩት ሰዎችም ቀሩ። ምን አጠፋች?” ብለው አለቀሱ። ፎቶው ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ሱቅ ድረስ ደርሶ ኖሯል። ኢማማችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። ከዚያም፣ “ልጅሽ ምንም አላጠፋችም እናቴ፤ ያጠፋነው እኛ ነን፤ አይቶ ዝም ያለው ሁሉ” አሉ። ማንን እንዳሉ አያውቁም ነበር፤ እኔ ግን አወቅሁት።

የራስን ጥፋት ማውራት የሚወደድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህን ያነሳሁት ዛሬ ስልክ የምንገዛላቸው ልጆቻችን በዚያ ቦታ ሲገኙ ከእኔ የተሻለ እንዲያደርጉ ብዬ ነው።

ካሜራ ዐይን ነው፣ ዐይንም ፈቃድ ይጠይቃል

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኑር 27ኛው አንቀጽ ምእመናን ወደ ሌላ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ አዟል። ይህ ትእዛዝ ለምን መጣ? ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በር ቀዳዳ አጮልቆ ተመለከተ። እርሳቸው በእጃቸው የብረት ማበጠሪያ ይዘው ነበር። ድርጊቱን በብርቱ ቃል ተቃወሙት፤ ማስፈቀድ የተደነገገውም በዐይን ምክንያት መሆኑን አስረዱት።

እንግዲህ እናስተውል። ሰውየው እግሩን ቤት ውስጥ አላስገባም፤ ያስገባው ዐይኑን ብቻ ነው። ካሜራ ከዐይን ይብሳል። ዐይን ያየውን ይረሳል፣ ካሜራ ግን አይረሳም። ዐይን ያየውን ለሌላው ዐይን መስጠት አይችልም፣ ካሜራ ግን ለሺህ ዐይን ያድላል። ለአንድ ዐይን ማስፈቀድ ግዴታ ከሆነ ለሺህ ዐይን እንዴት አይሆንም?

አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ አንድ ሰው ሲነግረን ሰው እንዳይሰማው ግራና ቀኝ ዞር ብሎ ካየ ያ ንግግር አማና እንደሚሆን እንማራለን። “አደራ፣ አትንገር” ባይለን እንኳ መገላመጡ በቂ ነው። በሴቶች ዳስ ውስጥ ሒጃቧን ያወለቀች እህትም እንዲሁ ነች። በሩ መዘጋቱን አይታ ነው ያወለቀችው፤ ያ በር አደራዋ ነው።

ይህን ጉዳት ያዩት ሙስሊሞች ብቻ አይደሉም። በሳዑዲ ዐረቢያ ባለ ካሜራ ስልክ ማስገባትና መሸጥ እስከ 2004 እ.ኤ.አ መጨረሻ ድረስ ተከልክሎ ቆይቶ ነበር፤ በኋላ ክልከላው ተነሳ። በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ ደግሞ ሰው ሳያውቅ ፎቶ እንዳይነሳ ስልኮቹ ሲያነሱ ድምፅ እንዲያሰሙ ተደርገው ተሠሩ። በአገራችንም ከስልኩ በፊት፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በ2008 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅም ምስል እያሰራጩ ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። ሕጉ እዚህ ድረስ ከደረሰ፣ አላህ ያየኛል የሚል ሰው ወዴት ሊደርስ ይገባዋል?

“ሰርዤዋለሁ” ማለት አይበቃም

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። ከስልክ ወይም ከሚሞሪ ካርድ ላይ ፎቶ ስንሰርዝ ስልኩ በአብዛኛው የሚያደርገው “ይህ ቦታ ባዶ ነው፣ ሌላ መጻፍ ይቻላል” ብሎ መመዝገብ ነው። ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ፎቶው ከሥር ይቆያል፤ ለዚሁ በተሠራ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የቤተሰብ ፎቶ የነበረበትን ካርድ ሰርዘናል ብለን አንሽጥ፣ አናውስ። ቀፎውን ጥገና ቤት ስንሰጥም ካርዱን አውጥተን ቤት እናስቀር። ካርዱ ከእንግዲህ የማያስፈልገን ከሆነ ሰብረን እንጣለው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የእህታችን ክብር ግን ዋጋ የለውም።

ጌሙና ጥሪው

ጌምን በተመለከተ፣ ቁማርና ሐራም ነገር የሌለበት ጨዋታ በመጠኑ ከሆነ ልጅን ከመቆጣት መጠንቀቅ ይሻላል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤንነትና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን አስተምረዋል። እባቡን ሲያሳድግ መግሪብ ያለፈው ልጅ እባቡ ሳይሆን ሰላቱ ነው የተበላበት።

የስልክ ጥሪ በሰላት ውስጥ ቢጮህ ብዙዎች ሰላቴ ይበላሻል ብለው ዝም ይሉታል፤ ጀመዓው ሁሉ በዘፈን ይረበሻል። ቁልፉን ነክቶ ዝም ማሰኘት ትንሽ እንቅስቃሴ ስለሆነ ሰላትን አያበላሽም። የሚሻለው ግን መስጂድ ከመግባታችን በፊት ማጥፋት ነው። የቁርኣን አያ ጥሪ ማድረግንም ዑለማዎች አይመክሩም፤ ስልኩን ስናነሳ አያው ከመካከል ይቆረጣል፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥም ሊጮህ ይችላል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስልኩን ለልጃችን ስንሰጥ ከቃል ጋር እንስጥ። “ሰው ሳታስፈቅድ አታንሳ፤ እህቶችህን ደግሞ ቢፈቅዱም ለሌላ አታሳይ” እንበለው።

ሁለተኛ፣ በሰርግና በሂና ቀን የሴቶቹ ዳስ በር ላይ አንዲት እናት ቆመው ስልኮችን በቅርጫት ይሰብስቡ። ይህ መጠራጠር አይደለም፤ የእንግዶችን ክብር መጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ብሉቱዙ ሁልጊዜ ዝግ ይሁን፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይከፈት።

አራተኛ፣ የማይገባ ፎቶ የደረሰው ሰው ሦስት ነገር ያድርግ። ይሰርዘው፣ ለሌላ አያስተላልፈው፣ ላኪውንም ለብቻው ይምከረው። ሦስተኛውን የተወ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

አምስተኛ፣ ካርዱን በመልካም ነገር እንሙላው። ሙሉው ቁርኣን በአንድ ቃሪእ ድምፅ ተቀድቶ 1 ጊጋባይት በሚይዝ ካርድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዐይናቸው ለደከመ አያቶቻችን ከዚህ የበለጠ ስጦታ የት ይገኛል? በዐረብ አገር ያለች ልጃቸውን ድምፅም ቀድተው ደጋግመው ይሰሙበታል።

ውድ አድማጮች፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ 36ኛው አንቀጽ መስሚያም፣ ማያም፣ ልብም እንደሚጠየቁ ነግሮናል። በኪሳችን የያዝነው ካሜራ ከማያችን ጋር የተቀጠለ ሌላ ማያ ነው፤ ስለ እሱም እንጠየቃለን። ለጠየቁኝ አባት የምጨምረው ይህን ነው፦ ስልኩን ይግዙለት፣ ሲሰጡት ግን አጠገብዎ አስቀምጠው ስለዚያች እናት ይንገሩት።

አላህ የእህቶቻችንን ክብር ይጠብቅልን፣ ነውራችንን ይሸፍንልን፣ የሰውንም ነውር የምንሸፍን ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።