ከለገዳዲ እስከ ብርጭቆ

ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን አዝለው ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ተገናኘን። ሕፃኑን ዳግም ተቅማጥ ይዞታል። «የማጠጣው እኮ የቧንቧ ውሃ ነው፤ የወንዝ አይደለም» አሉኝ። ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

የለገዳዲ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ ያቀርባል። ውሃው ከማጣሪያው ሲወጣ የሚጨመርለት ክሎሪን የመንገድ ስንቁ ነው፤ በየመስመሩ ቆሻሻ በገጠመው ቁጥር እየተመናመነ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ሊቀር ይገባል፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥም ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም።

የማጣራት ጥቅም በጉልህ የታየው በጀርመኗ ሐምቡርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ኮሌራ ከተማዋን ሲመታ ከ8,000 በላይ ሰው ሞተ። አጠገቧ ያለችው አልቶና የምትጠጣው ያንኑ የኤልበ ወንዝ ነበር፤ ያውም የሐምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት በታች ቀድታ። ነገር ግን ውሃውን በአሸዋ ታጣራ ስለነበር ብዙ ሳትጎዳ አለፈች። ሁለቱን ከተሞች የሚያዋስነው መንገድ በአንድ ወገን ሲታመም በሌላው ወገን ጤና ነበር። ሐምቡርግም በዓመቱ ማጣሪያዋን ሥራ አስጀመረች።

የእኛ ችግር የሚጀምረው ከማጣሪያው በኋላ ነው። በቧንቧ ሥራ ያረጁ አንድ ባለሙያ እንዲህ አሉኝ፦ «በፈረቃ ውሃው ሲቆም መስመሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ መስመር ደግሞ ይስባል። የተሰነጠቀበት ቦታ አጠገብ የሽንት ቤት ፍሳሽ ካለ እሱን ነው የሚስበው። ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ ደፍርሶ የሚመጣውን አይተህ የለ?» በየቤቱ ስለሚተከለው የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ስለ ሮቶም ጠየቅኋቸው። «ከፍቼ ያየሁትን ብነግርህ ውሃ አትጠጣም። የሞተ እርግብ አውጥቻለሁ። ባለቤቱ ከተተከለ ጀምሮ ታጥቦ አያውቅም አለኝ። ክሎሪን ምን ያድርግ?»

በየሰፈሩ የሚለካው የክሎሪን መጠን ስንት እንደሆነ አንድ ኃላፊን ጠየቅሁ። «በደብዳቤ ይምጣ» አሉ። ደብዳቤውን አስገባሁ፤ መልስ የለም።

አቅም ያለው የታሸገ ውሃ ይገዛል። ለጎረቤታችን ግን ይህ የሚታሰብ አይደለም፤ ሕፃኑም ክብደቱ ቀንሷል።

የየሰፈሩ የክሎሪን ልኬት በየወሩ ለሕዝብ ይገለጽ። እስከዚያው ሮቶአችሁን አሳጥቡ፤ ክዳኑንም ዝጉ። ሕፃናት የሚጠጡትን ውሃ አፍሉ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ።