ስለ አንዲት ጥድ መንደርና ስለ እርከኗ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ጣርማ በር ከመድረሱ በፊት በጉዶ በረት አካባቢ፣ ብርዱ የጸና፣ ነፋሱ የማያርፍ፣ ገብስ የተዘራበት ተረተር ያገኛል። በስተ ምሥራቅ ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በስተ ምዕራብ ያለው ውኃ ግን ወደ ዠማ፣ ከዠማም ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንዲት ጥድ የምትባለው መንደር ያለችው በዚህ በምዕራቡ ፊት ነው።

መንደሪቱ እንደ አንኮበር የነገሥታት መቀመጫ አልነበረችም፤ እንደ አልዩ አምባም ታላቅ የሲራራ ነጋዴ ገበያ አልቆመባትም። ነገር ግን አፈር እንደዚህች መንደር ለብዙ ዘመን በሚዛን የተመዘነበት ስፍራ በአገራችን ጥቂት ስለ ሆነ፣ ደግሞም ከመንግሥት የሚወጣ ትእዛዝ በገበሬው ማሳ ላይ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚገጥመው ገልጣ የምታሳይ ስለ ሆነች፣ በየወረዳውና በየቀበሌው ያላችሁ ሹማምንትና የእርሻ ሠራተኞች ነገሯን እንድታውቁት ወደድን።

የመንደሪቱ መሬት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,500 ሜትር ድረስ ይደርሳል። ከ3,200 ሜትር በታች ያለው ደጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ይባላል፤ ባላገሩም ይህን ልዩነት ከማናቸውም የሜትር መለኪያ በፊት በእግሩና በዘሩ ያውቀዋል። ዝናቡ በዓመት ከ1,300 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ የዚህ አገር ችግር እንደ ቆላው የውኃ ማነስ ሳይሆን፣ ውኃው በአንድ ጊዜ መጥቶ አፈሩን ይዞ መሄዱ ነው።

እርሻው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። በታችኛው ወገን በክረምቱ ዝናብ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ተልባ ይዘራል። በላይኛው ወገን ግን የክረምቱ እህል ሳይደርስ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ስለሚመታው፣ ገበሬው ተስፋውን የጣለው በበልግ ላይ ነው። የበልጉን ገብስ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ይዘራል፤ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ዝናቡ እየወረደበት፣ ያጭዳል። ነዶውን ማድረቅ ብቻውን አንድ ጭንቅ ነው። በልግ የቀረ እንደ ሆነ ደግሞ፣ በሰሜን ምሥራቁ ደጋ በ1991 ዓ.ም. እና በ2007 ዓ.ም. እንደ ደረሰው፣ የላይኛው ወገን ገበሬ ሌላ የሚያነሣው እህል የለውም፤ በጎቹን ወደ ገበያ ይነዳል። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ያኑረው፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ገብሱ እንጀራም፣ ቆሎም፣ በሶም፣ ገንፎም፣ ጠላም ነው። ገለባው ለከብት ቀለብ ይሆናል። የከብቱ ፋንድያ ግን ወደ ማሳ አይመለስም፤ ኩበት ሆኖ ከምድጃ ይገባል። ዕንጨት በጠፋበት ደጋ ሁሉ ይህ የታወቀ ነው፤ በዚህ ብርድ ውስጥ የምትኖር እናት ልጆቿን በምን ታሙቅ? ማዳበሪያውን አቃጠለች ብሎ የሚወቅሳት ሹም ቢኖር፣ በመጀመሪያ ማገዶ ያምጣላት። የመንደሪቱ ስም ራሱ አንድ ዛፍ ብቻውን መቆሙን የሚናገር ስም ነውና፣ የዕንጨቱ ነገር የትናንት ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ ማሳው በገበሬ ማኅበር በኩል ተከፋፈለ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ተወለዱ፤ ጎጆ የወጣው ሁሉ ከአባቱ ድርሻ ቆረሰ፤ ቀድሞ ለግጦሽ የተተወው ቁልቁለትም ታረሰ። ቁልቁለት ሲታረስ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ምን ያህል እንደሚሆን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

በ1974 ዓ.ም. የእርሻ ሚኒስቴር ከስዊስ አገር ከበርን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ፣ በፕሮፌሰር ሐንስ ሁርኒ መሪነት፣ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በአንዲት ጥድ አቆመ። ሁለት ወንዝ የሚባለው፣ 477 ሄክታር ያህል መሬት የሚያጥበው ውኃ፣ መለኪያ ተተከለበት። በማሳዎቹም ላይ ስፋታቸው 2 ሜትር ርዝመታቸው 15 ሜትር የሆኑ መደቦች ታጥረው፣ ከግርጌያቸው ጋን ተቀመጠ፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከመደቡ ታጥቦ የወረደው አፈርና ውኃ ይለካ ጀመር። እንዲህ ያለ ጣቢያ በወሎ በማይባር፣ በጎጃም በአንጀኒና በሌሎችም ስፍራዎች ተቋቁሟል። ከነዚህ ሁሉ በተገኘው ልክ ተነሥተው ፕሮፌሰር ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በዓመት ከአንዱ ሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገመቱ። ይህ ማለት በአንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ብንለው፣ ከመቶ ኩንታል የሚበልጥ አፈር በየዓመቱ ይሄዳል ማለት ነው። ገበሬው ከዚያው ጥማድ የሚያገባው ገብስ ከዚህ ስንት እጅ ያነሰ እንደ ሆነ እያንዳንዳችሁ አስሉት።

እንግዲህ እርከን እንዲሠራ ታዘዘ። ሥራውም በዓለም የምግብ ፕሮግራም እርዳታ፣ ምግብ ለሥራ በሚባለው ደንብ ነበር፤ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይከፈላል። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ በነበረበት ዘመን ይህ ክፍያ ለብዙ ቤት ነፍስ ማቆያ ሆነ። የአፈር ክትሩ፣ ፋንያ ጁ የሚባለውም አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን፣ በተረተሩ ላይ መስመር በመስመር ተዘረጋ። በዚያ ዘመን በመንገዱ ያለፈ እንግዳ ሥራውን አይቶ ማድነቁ አይቀርም ነበር።

በ1982 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ ማስገደድ ላላ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በአገሪቱ ብዙ ስፍራ እርከን ፈረሰ፤ በአንዲት ጥድም ከገበሬዎቹ ብዙዎቹ ከማሳቸው ላይ ያለውን ክትር፣ አንዳንዱ በሙሉ፣ አንዳንዱ በከፊል፣ በማረሻና በዶማ አነሡት። በቀለ ሺፈራውና ስቴይን ሆልደን የተባሉ ሊቃውንት በዚህችው መንደር ያደረጉትን ጥናት በ1990 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ይህን ጽፈዋል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው፣ ከሹማምንትም ወገን ጭምር፣ «ገበሬው አላዋቂ ነው፤ የራሱን ሀብት አፈረሰ» ይላል። እኛ ይህን አንቀበልም። ያፈረሰው ሰው አፈር መታጠቡን ከማንም ይልቅ የሚያውቅ፣ በየክረምቱ በማሳው ላይ ፈሰስ እያወጣ ውኃውን ሲያስተነፍስ የኖረ ሰው ነው። ያፈረሰበትንም ምክንያት እንመርምር።

ክትር ስፋት አለው። ቁልቁለቱ በበረታ መጠን ክትሮቹ ይቀራረባሉ፤ በየአሥር ሜትሩ አንድ ሜትር ቢይዙ ከአሥሩ እጅ አንዱ እጅ መሬት ሄደ ማለት ነው። ሦስት ጥማድ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአንድ ወር እንጀራ ነው። ደግሞ ዝናብ በበዛበት አገር ልኩ ሳይጠና የተሠራ ደልዳላ እርከን ውኃውን አቁሮ ሥሩን ያበሰብሳል። በሬ በጠባብ መደብ ላይ ሲዞር ይቸገራል። በክትሩ ሣር ውስጥ አይጥ ይራባል፤ የሚበላውም ያንኑ ገብስ ነው። በጣቢያው የተገኘውን ውጤት የመረመሩት ካርል ሄርቬግና ኤቫ ሉዲም፣ እርከኑ የሚታጠበውን አፈር በእጅጉ እንደ ቀነሰ፣ የእህሉን ምርት ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዳልጨመረ አስታውቀዋል። ስለዚህ በጣቢያው በሚዛን የታየውን ገበሬው አስቀድሞ በጎተራው አይቶት ነበር። የእርከኑ ጥቅም ለልጅ ልጁ ነው፤ ጉዳቱ ግን ለዘንድሮ ነው። ዘንድሮን ካላለፈ ደግሞ የልጅ ልጅ ከወዴት ይመጣል?

ሌላም ነገር አለ። መሬቱ ነገ የእኔ መሆኑ ይቀራል ብሎ የሚፈራ ሰው ድንጋይ አይክብም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ይህ ፍርሃት ከንቱ እንዳልነበረ ታይቷል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ለየባለ ይዞታው የተሰጠው የማረጋገጫ ደብተር ፍርሃቱን የሚያቀልል ስለ ሆነ፣ የቀበሌ ሹም ሁሉ መዝገቡን በንጽሕና ሊይዘው ይገባል፤ የድንበር ክርክር በመዝገብ ስሕተት የተነሣበት ማሳ እርከኑ የሚጠግንለት አያገኝም።

ባላገሩ በራሱ ፈቃድ ያደረገውን ደግሞ እንመልከት። ማንም ሳያስገድደው ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል እየተባለ በየጽሕፈት ቤቱ ሲነቀፍ እንሰማለን፤ ነቀፋውም በእህል ማሳ ዳርና በምንጭ አጠገብ ሲሆን እውነት አለው። ነገር ግን ሆልደንና ባልደረቦቹ በ1995 ዓ.ም. በዚህችው መንደር ላይ ባወጡት ጥናት፣ ለእህል በማይበጅ ቁልቁለትና ድንጋያማ ስፍራ ላይ ቢተከል የድኃውን ገቢ ሊያሳድግ እንደሚችል አሳይተዋል። አጣናው ይሸጣል፤ ቅርንጫፉና ቅጠሉ ከምድጃ ገብቶ ለኩበቱ ምትክ ይሆናል፤ ኩበት ሆኖ ይነድ የነበረው ፋንድያም ወደ ማሳ የሚመለስበት መንገድ ይከፈታል። የት ይተከል የሚለውን መወሰን እንጂ ጨርሶ መከልከል ለዚህ አገር አይበጅም።

በጎቹም እንዲሁ ናቸው። የመንዝ በግ ትንሽ፣ ጠጉረ ብዙ፣ ብርድና ረሃብ የሚችል ነው፤ ከጠጉሩ ባናና ዝተት ይሠራል። ከውጭ የመጣ ዘር፣ አዋሲ የሚባለው፣ በደብረ ብርሃን የበግ ማርቢያ ጣቢያ ከዚህ ጋራ ሲዳቀል ቆይቷል፤ ክልሶቹ በአካል ይበልጣሉ፣ ቀለብም ይበልጥ ይሻሉ። በልግ የቀረበት ገበሬ የሚሸጠው በግ ነውና፣ የበጉ ነገር ከእርሻው ነገር ተለይቶ የሚታይ አይደለም፤ ታርሶ ባለቀ ተረተር ላይ በጉ የሚግጠው ሣር ያንኑ የእርከን ሣር ነው። አጭዶ መቀለብ የተለመደበት ቤት እርከኑ ይቆማል፤ በጉ የሚለቀቅበት ቤት ክትሩ በእግር ይናዳል።

ከዚህ በስተ ሰሜን በዚያው ተረተር ላይ ያለውን የመንዝን ጓሳ ለሚያውቅ ሰው፣ ባላገር የጋራ ሀብት መጠበቅ አይችልም የሚለው ቃል አይዋጥለትም። ጓሳው ከ1967ቱ አዋጅ በፊት በአባቶች ሕግ ለብዙ ትውልድ ተከልሎ ኖሯል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ በችግር ጊዜ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል። ሕጉ የጸናው ጠባቂውም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ስለ ነበረ ነው። በአንዲት ጥድ የተሠራው እርከን ግን ስንዴ የከፈለ ሌላ፣ ትእዛዝ የሰጠ ሌላ፣ ማሳው የተቀነሰበትም ሌላ ሆነ።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተፋሰስ ሥራ በሕዝብ ንቅናቄ፣ ያለ ስንዴ ክፍያ፣ በየዓመቱ በበጋው ወራት ሲሠራ ቆይቷል። በብዙ ስፍራ የተራቆተ ኮረብታ ሣር ለብሷል። ነገር ግን ወደ ወረዳ የሚላከው ዝርዝር የተቆፈረውን ኪሎ ሜትር ብቻ የሚቈጥር ከሆነ፣ የአንዲት ጥድ ታሪክ መደገሙ ነው። ከተሠራ በኋላ ሦስት ክረምት አልፎ የቆመው ስንት እንደ ሆነ፣ የፈረሰውም ስለ ምን እንደ ፈረሰ፣ በሌላ ዓምድ ይጻፍ። ዝናብ በበዛበት ደጋ ክትሩ ውኃውን የሚያሳልፍ ጥቂት ማዘንበል ይኑረው፤ መውጫውም ከጎረቤት ማሳ ላይ እንዳይወርድ፣ ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት ባለ ማሳዎቹ በአንድነት ተቀምጠው ይስማሙበት። የገበሬውን ፈሰስ የሚያጠፋ ሳይሆን የሚቀበል እርከን ይሠራ። በክትሩ ላይ የሚታጨድ ሣር ይተከል፤ ከአሥሩ እጅ አንዱን መሬት የተወ ሰው በምትኩ ለበሬው ሸክም መኖ ቢያገኝ ማፍረሱን ያስብበታል።

አስቀድመን በልባችሁ አኑሩት ያልነውም ይህ ነው። የሕዝብ ንቅናቄው የሚታወጀው በአብዛኛው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ ለመኸር አገር ይህ የዕረፍት ጊዜ ስለ ሆነ ተገቢ ነው። በላይኛው የአንዲት ጥድ ወገንና በመሰሉት የበልግ ቀበሌዎች ግን ይህ የማረሻና የዘር ወር ነው። የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ገበሬው ከማሳው ርቆ በጋራ ቦታ ድንጋይ ሲክብ ከተገኘ፣ የዓመቱ ዘር አለፈው ማለት ነው። ስለዚህ የበልግ ቀበሌ ያለው ወረዳ ለነዚያ ቀበሌዎች የሥራውን ቀን ለብቻ ይቍረጥላቸው፤ መሬቱ ገና ርጥበት ያለበት፣ የመኸሩም አጨዳ የሚያልቅበት የታኅሣሥ ወር ይሻላቸዋል። በአንድ ወረዳ ውስጥ መኸርና በልግ ጎን ለጎን ባሉበት ስፍራ፣ ቀኑን የቀበሌው ሽማግሌዎች ለአስተዳዳሪው ያስታውቁ፤ አስተዳዳሪውም ለዞኑ በሚልከው ደብዳቤ ይግለጠው።