ከአሥር፣ አንድ ነጥብ ስድስት

ሊቶኒያ ከአትላንታ መሐል ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ በዲካልብ ካውንቲ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ድሮ የምትታወቀው በድንጋይ ካባዎቿ ነበር። በጁላይ 2024 ግን ስሟ የዘፈን ርዕስ ሆኖ ወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ዘፋኙ ቻይልዲሽ ጋምቢኖ ነው፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዶናልድ ግሎቨር ሲሆን ያደገውም እዚሁ ጎረቤት፣ ስቶን ማውንቴን ነው።

ይህ ሰው በ2011 «ካምፕ» የተባለ የራፕ አልበሙን ሲያወጣ፣ ፒችፎርክ የሚባለው የኢንተርኔት የሙዚቃ መጽሔት ከ10 1.6 ሰጠው። ክፉ የሒሳብ አስተማሪ እንኳ በቀላሉ የማይሰጠው ማርክ ነው። በ2019 ደግሞ ያው ሰው «ዲስ ኢዝ አሜሪካ» በተሰኘው ሥራው የግራሚን የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ሽልማት ወሰደ። ታዲያ ሃያሲው አፈረ? አይመስለኝም። የተመዘነው የቀረበው አልበም እንጂ የልጁ ዕድል አይደለም። ቁጥሩ ቢያናድድም፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ምክንያቱን ስለሚዘረዝር አንባቢ ሊሟገተው ይችላል። የሂፕ ሆፕ መጽሔት ዋና ሥራም እዚህ ላይ ነው።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ሰሙ ከወርቁ አልገጥም ያለበትን፣ ቤቱ የጎደለበትን ያርመዋል። ራፕም የቃል ጥበብ ነው። ምቱ፣ ቤት አመታቱና የተደበቀው ትርጉም ሁሉ ይመረመራሉ፤ የሚለየው መርማሪው መምህር ሳይሆን ደመወዝ የሚከፈለው ጸሐፊ መሆኑ ነው።

ወንበሩን ቀድመው ከያዙት አንዱ «ዘ ሶርስ» የተባለው መጽሔት ነበር። በ1988 ዴቪድ ሜይስና ጆን ሼክተር የተባሉ የሃርቫርድ ተማሪዎች በአንድ ገጽ ጀመሩት፤ ኋላ ወደ ኒው ዮርክ ገብቶ ወፍራም ወርሃዊ መጽሔት ሆነ። አልበም የሚመዝነው በማይክራፎን ሥዕል ሲሆን ጣሪያው አምስት ማይክ ነበር። አሳታሚ ያላገኙ ጀማሪዎችን የሚያስተዋውቅ ዓምድም ነበረው፤ ራፐሩ ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ. ገና ሳይታወቅ በ1992 የቀረበው እዚያ ላይ ነው። ግን በ1994 ሜይስ ለሚቀርበው የራፕ ቡድን ያዘጋጀውን ጽሑፍ ከአዘጋጆቹ ደብቆ መጽሔቱ ውስጥ አስገባ። አዘጋጆቹ ሥራቸውን ጥለው ወጡ። ሃያሲና ዘፋኝ በአንድ ማዕድ ሲቆርሱ የማይኩ ቁጥር ዋጋ ያጣል፤ እስከ ዛሬም የሙያው ትልቁ ደዌ ይኸው ነው።

ሌላው ችግር ርቀት ነበር። ሚዛኑ ያለው ኒው ዮርክ፣ የሚመዘነው ሙዚቃ ግን ከየአቅጣጫው የሚመጣ ነው። በኦገስት 1995 በኒው ዮርክ በተካሄደው የ«ዘ ሶርስ» ሽልማት ላይ የአትላንታው አውትካስት የዓመቱ አዲስ ቡድን ተብሎ ሲሸለም አዳራሹ በጩኸት ተቃወመው። ከቡድኑ አባላት አንዱ አንድሬ ቤንጃሚን መድረኩ ላይ ቆሞ የአሜሪካ ደቡብም የሚናገረው እንዳለው ነግሯቸው ወረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው መጽሔት «አክዌሚናይ» ለተባለው አልበማቸው አምስት ማይክ ሰጠ። ደቡቡ ግን ደጅ እየጠና አልቀረም፤ በ2002 ጁሊያ ቤቨርሊ በፍሎሪዳ «ኦዞን» የተባለ የደቡብ ራፕ መጽሔት ጀመረች።

ወረቀቱን የቀደመው ኢንተርኔት ነው። በ1998 ግሬግ ዋትኪንስና ቸክ ክሪክመር «ኦል ሂፕ ሆፕ» የተባለውን ድረ ገጽ ከፈቱ። ወርሃዊ መጽሔት ማተሚያ ቤት ገብቶ እስኪወጣ ወሬው ይሻግታል፤ እነሱ በየቀኑ፣ ሲያስፈልግም በየሰዓቱ ያወጡ ጀመር። ማን ተፈራረመ፣ ማን ታሰረ፣ ማን ከማን ተጣላ። እውነቱን ለመናገር አንባቢ የሚጎርፈው ለጠቡ እንጂ ለሂሱ አይደለም፤ ገቢው ደግሞ ከማስታወቂያ፣ ማስታወቂያውም ከአንባቢ ብዛት ነው። ስለዚህ ረጅሙ ግምገማ የሚኖረው አጭሩ ሐሜት በሚያመጣው ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ደስ አይልም፣ ግን ከዚህ የተሻለ መላ ያገኘ ጥቂት ነው።

ዜናውም ቢሆን ሁሉ ሐሜት አይደለም። በጃንዋሪ 2007 ፖሊስ የዲጄ ድራማን የአትላንታ ስቱዲዮ ሰብሮ ገብቶ የሚክስቴፕ (ከመደበኛ አልበም ውጭ የሚሰራጭ የራፕ ስብስብ) ሲዲዎችን ሲወርስ፣ ክሱ በጆርጂያ የተደራጀ ወንጀል ሕግ የቀረበ ሲሆን መነሻውም የሲዲዎቹ ያለ ፈቃድ መባዛት ነበር። ነገር ግን ሙዚቃ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ዘፋኞቻቸውን ለማስተዋወቅ በእነዚያው ሚክስቴፖች ይጠቀሙ ነበር። ይህን ተቃርኖ ለማስረዳት ኢንዱስትሪውን ከውስጥ የሚያውቅ ዘጋቢ ያስፈልጋል።

ኑሮው ግን አስተማማኝ አይደለም። 1.6 የሰጠው ፒችፎርክ ራሱ በጃንዋሪ 2024፣ «ሊቶኒያ» ከመውጣቱ ስድስት ወር ቀድሞ፣ ሠራተኞች ተቀንሰውበት ጂ.ኪው. በተባለው የወንዶች መጽሔት ሥር እንዲገባ ተወሰነበት።

የእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ ምን አለው? ብዙ። በ2009 ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ አቀናባሪ ከድሮ የኢትዮጵያ ሸክላዎች ቆራርጦ «ኢትዮፒየም» የሚል ሙሉ አልበም ሠራ። በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ «አዝ ዊ ኤንተር»ን በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ አቆሙት። ይህን «የአፍሪካ ድምፅ ተቀላቅሎበታል» ብሎ የሚያልፍ ሃያሲ፣ በ1995 አውትካስት ላይ ከጮኸው አዳራሽ ብዙም አይርቅም። ሙላቱን በስሙ ጠርቶ፣ ሳክስፎኑ የት ላይ እንደተቆረጠና ራፑ ሲገባበት ዜማው ምን እንደሆነ የሚነግረኝን ግን፣ ከ10 ምንም ቢሰጥ፣ እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።