በመኸር ገበያ መካከል የሚያልቅ ጌም የትኛው ነው?

ደብረ ታቦር፡- ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የደቡብ ጎንደር እህል ነጋዴ ፋታ የለውም። የፎገራ ሩዝ፣ የደጋው ገብስና ጤፉ በአንድ ሰሞን ይወጣሉ። ዋጋ ሲጠይቅና ሲጠየቅ ይመሻል። በዚህ ወቅት ከባድ የቪዲዮ ጌም መጀመር ኪሳራ ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ሁሉም ጌም እኩል ጊዜ አይበላም።

ጥር 17 ቀን 2010 ዓ.ም. የወጣውን “ሴለስት” እንመልከት። ማደሊን የምትባል ወጣት ከጭንቀቷ ጋር እየታገለች ተራራ ትወጣለች። ተጫዋቹ ከእርከን ወደ እርከን ያዘልላታል፤ ጥቂት ከሳተ ትሞታለች። መንገዱ ግን በትናንሽ ክፍሎች የተሸነሸነ በመሆኑ ወዲያው እዚያው ክፍል ውስጥ ትነሣለች፤ የሚባክነው ሴኮንድ ነው። ስልክ ቢጠራ ሴቭ አድርጎ መውጣት፣ በማግስቱ ከዚያው ክፍል መቀጠል ይቻላል። ዋናው ታሪክ ለአማካይ ተጫዋች ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በቀን 20 ደቂቃ ቢመደብለት 24 ምሽት ይሆናል። ለከበደው ደግሞ ፍጥነቱን እስከ ግማሽ የሚቀንስ አማራጭ አለው።

በ2009 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የወጣው “ሆሎው ናይት” ሌላ ነው። የሞተ ተጫዋች የሚነሣው መጨረሻ ካረፈበት አግዳሚ ወንበር ሲሆን ያጠራቀመው ገንዘብ በሞተበት ቦታ ይቀራል። ሄዶ ሳያስመልስ ዳግም ከሞተ ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው። ዱቤ ሊያስመልስ ሄዶ ሌላ ዱቤ ሰጥቶ የተመለሰ ነጋዴ ነገሩ አይጠፋውም። ሃያ ደቂቃው በምልልስ ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ጠቅላላው ጨዋታም ከ25 ሰዓት ያልፋል።

የብሩም ነገር አለ። የ“ሴለስት” መደበኛ ዋጋ 19 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ይህ በባንክ ተመን 1,150 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብር ሲያልፍ ያው ጌም ከ2 ሺህ ብር በላይ ሆነ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድም ያስፈልጋል። በአንጻሩ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ለተቋረጠበት ክልል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የፕሌይስቴሽን ቤቶች ለእንዲህ ያለው ጌም አይመቹም። ገበያቸው በአብዛኛው እግር ኳስ ነው፤ ሒሳቡ በጨዋታ ይቆጠራል፤ ወረፋ የሚጠብቅም አለ። ሴቭ የተደረገውም በቤቱ ማሽን ላይ ስለሚቀር ታሪኩን መጨረስ የሚፈልግ የራሱ ላፕቶፕ ቢኖረው ይመረጣል።

ስለዚህ ጌም የሚገዛ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ሲቋረጥ ከየት ይቀጥላል? አንድ ሽንፈት ስንት ደቂቃ ያስከፍላል? መልሱ “ከዚያው” እና “ሴኮንድ” ከሆነ በመኸር ገበያም ይቻላል። ካልሆነ ገበያው እስኪቀዘቅዝ፣ እስከ ክረምት ይቆይ።