ዕድሜ ልክ የሚገዛ መድኃኒት

በ2003 ዓ.ም. ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኢትዮጵያ ሲጀመር ለሙከራ የተመረጡት 13 ወረዳዎች ነበሩ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። በደቡብ ወሎ ዞን ያለው የተሁለደሬ ዋና ከተማ ሐይቅ ነች። ስለዚህ በሐይቅ ዙሪያ ያለ ገበሬ በዓመት አንዴ አዋጥቶ፣ ሲታመም ኪሱን ሳይዳብስ መታከም ምን ማለት እንደሆነ ከብዙው የአገሪቱ ሕዝብ ቀድሞ አይቷል። ድሃ ድሃው ቤተሰብ እንኳ መዋጮው በመንግሥት ተሸፍኖለት አባል ይሆናል።

ዛሬ ግን ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው የመድን መታወቂያውን እንደያዘ ከጤና ተቋም ወጥቶ የግል መድኃኒት ቤት ሲያፈላልግ ማየት በአገሪቱ የተለመደ ሆኗል።

ነገሩ የሚበላሸው መጨረሻው መስኮት ላይ ነው። ካርድ ሲወጣ አይከፈልም፤ ሐኪሙ ሲያይ አይከፈልም፤ የስኳር መጠን ሲለካም እንደዚሁ። ከዚያ ታካሚው ማዘዣውን ለፋርማሲው ባለሙያ ያቀብላል። ባለሙያዋ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች ታነባለች፤ ያለውን ቆጥራ ትሰጣለች፤ የሌለውን ምልክት አድርጋበት ወረቀቱን ትመልሳለች። «ይኼን ከውጭ ይግዙት» ትላለች። መድኑ በአብዛኛው የሚሸፍነው ተቋሙ ውስጥ ያለውን መድኃኒት ነውና፣ ከበሩ ወዲያ ያለው ዋጋ የታካሚው ዕዳ ይሆናል።

ጉሮሮው ያበጠበት ሰው አሞክሳሲሊኑን አንድ ጊዜ ገዝቶ፣ ጨርሶ ይገላገላል። የግፊት ታካሚ ግን አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪሉን፣ የስኳር ታካሚ ሜትፎርሚኑን ወይም ኢንሱሊኑን በየወሩ፣ ምናልባትም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይገዛል። በአንድ ፍሬ ኪኒን ላይ የተጨመረች ጥቂት ብር በቀን ሁለት ሦስት ፍሬ ለሚውጥ ሰው ዓመቱ ሲደመር ቀላል አትሆንም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ስኳርና ግፊት አንድ ሰው ላይ ይደራረባሉ፤ ባልም ሚስትም ታማሚ የሆኑበት ቤት ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ግፊት የከተማ ሀብታም በሽታ ነው የሚለው ወሬ የቀረ ነው።

ዋጋው ለምን ናረ? አንዱ ምክንያት በግልጽ ይታወቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። ኢትዮጵያ ከምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ አገር ውስጥ የሚመረተውም ቢሆን ዋናው ንጥረ ነገር በዶላር ይገዛል። መንግሥት በወቅቱ ከነዳጅና ከማዳበሪያ ጋር ለመድኃኒትም ድጎማ እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። አስመጪው የጨመረበትን በአከፋፋዩ፣ አከፋፋዩ በቸርቻሪው ላይ ይጥላል። ቸርቻሪው የሚጥልበት ከታማሚው በቀር ሌላ የለም።

ለደቡብ ወሎ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን፣ ሐይቅንና ውጫሌን አዳርሷል። የዞኑ በሽተኛ የመጨረሻ ተስፋ የሆነው የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል። በዘረፋ የሄደ አልጋ ተለምኖም ተገዝቶም ይተካል፤ በእነዚያ ሳምንታት ኢንሱሊን ያጣ ሰው ግን የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም መንገድ በዘጋ ቁጥር የመድኃኒት ጭነት ይዘገያል።

ኢንሱሊን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ያገኙት ተመራማሪዎች የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነው፤ ማንም እንዳይከብርበት ብለው። ከመቶ ዓመት በኋላ አብዛኛው የዓለም ኢንሱሊን በሦስት ኩባንያዎች እጅ ነው። ባለጸጋዋ አሜሪካ እንኳ ዋጋው አልቻል ብሏት፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በአረጋውያን የመድን ሽፋኗ ታካሚው በወር ከ35 ዶላር በላይ እንዳይከፍል በሕግ ወስናለች።

ለደቡብ ወሎው የአምባሰል ወረዳ ቆላ ነዋሪ ዋጋው ብልቃጡ ላይ አያበቃም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤተሰብ ብልቃጡን በላስቲክ አስሮ ውኃ በያዘ ገንቦ ውስጥ ወይም በእርጥብ አሸዋ መሃል ያኖረዋል። ይህ በገጠር ኢትዮጵያ የኖረ ዘዴ ነው፤ ሙቀቱን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ማቀዝቀዣን ግን አይተካም። ስለዚህ የብዙ ወር ኢንሱሊን በአንዴ ገዝቶ ማስቀመጥ አይሆንም፤ ባለቀ ቁጥር ወደ ውጫሌ ወይም ወደ ሐይቅ መውጣት፣ እዚያም ከታጣ ደሴ መዝለቅ ይመጣል። የመኪናው፣ የምሳው፣ ከተመሸም የማደሪያው ሁሉ በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ ይደመራል።

ሰው ሲቸግረው ያብቃቃል። በቀን ሁለት የታዘዘለትን አንድ ያደርጋል፤ ራስ ምታት እስኪሰማው ኪኒኑን ያቆያል፤ ከጎረቤት ይበደራል። ግፊት ሳያም ስለሚጎዳ ለጊዜው የተረፈ ይመስላል። በኋላ ግማሽ አካል በስትሮክ ይያዛል፤ ኩላሊት ይደክማል፤ የዓመታት ኪኒን የሚገዛ ገንዘብ በአንድ ወር የኩላሊት እጥበት ሊያልቅ ይችላል። ኢንሱሊን ያቋረጠ ልጅ ደግሞ በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል።

ዋጋውን ማቃለል የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ። ብዙ ሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «የአውሮፓው የለም?» ይላል፤ አንዳንዴ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ገንዘብ ለካርቶኑ ስም ይከፍላል። በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን የተመዘገበ የህንድ ወይም የአገር ውስጥ አምሎዲፒን ያው አምሎዲፒን ነው። የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ባሉበት ከተማ ዋጋ ማነጻጸር ይጠቅማል። የመድን አባል ከውጭ ሲገዛ ደረሰኙንና ምልክት የተደረገበትን ማዘዣ ይዞ የወረዳውን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ፤ ብሩ ባይመለስ እንኳ የጎደለው መድኃኒት በመዝገብ ሊያዝ ይችላል።

ሸክሙ ግን በታማሚው ብልሃት ብቻ የሚነሳ አይደለም። በዚያው ጤና ጣቢያ ውስጥ ለዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚወስድ ሌላ ታካሚ አለ፤ የኤችአይቪ ታካሚ። እሱ መድኃኒቱን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ያገኛል፤ እሰየው ነው። በውጭ ዕርዳታ የቆመ ቢሆንም፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ሳይቆራረጥ መድኃኒት ማድረስ እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። የጎንደር ሐኪሞችም የስኳር፣ የግፊትና የሚጥል በሽታ ክትትልን ከሆስፒታል አውርደው ለሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ነርሶች በመስጠት፣ ታማሚው በአቅራቢያው እንዲታከም አድርገዋል።

ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋ የኤችአይቪ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ ይዘው እንዲሄዱ ተደርጓል። ግፊታቸው የተስተካከለ አንድ የአምባሰል አዛውንት ለአምሎዲፒን ብቻ በየወሩ ከሚመላለሱ የሦስት ወሩን ባንዴ ቢወስዱ ሕክምናው አይከለክላቸውም፤ የሚከለክላቸው የመደርደሪያው ባዶነት ነው። መደርደሪያው እንዲሞላ ጤና ጣቢያው በክትትል መዝገቡ ያሉትን ታማሚዎች ቆጥሮ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የደሴ ቅርንጫፍ አስቀድሞ መጠየቅ፣ የመድን ገንዘቡም ለጤና ጣቢያው በወቅቱ መከፈል አለበት።