እርስ በርስ የሚጋጩ ዓላማዎችና የውሳኔ ስሌት፦ የቆቃ ግድብ እንደ ማሳያ

በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ዋነኛ ዓላማው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨት ነበር። ከዚያው ውሃ ዛሬ የሚጠበቀው ግን ብዙ ነው፤ ከግድቡ በታች ያሉትን የአዋሽ ሁለተኛና ሦስተኛ ማመንጫዎች ጭምር ያንቀሳቅሳል፣ የወንጂንና የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ ማሳዎች ያጠጣል፣ በክረምትም በታችኛው ተፋሰስ የሚኖረውን ሕዝብ ከጎርፍ እንዲታደግ ይፈለጋል። እነዚህ ዓላማዎች አብረው አይሄዱም። የነሐሴን ደራሽ ውሃ ለመቀበል ማጠራቀሚያው ጎደል ብሎ መቆየት ይገባዋል፤ ለበጋው መስኖና ኃይል ደግሞ ክረምቱ ሲያበቃ ሞልቶ መገኘት አለበት። ደለል የማጠራቀሚያውን አቅም በቀነሰ ቁጥር ግጭቱ ይከራል።

እንዲህ ባለ ጉዳይ «ምርጡ መፍትሔ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ሒሳቡ በቅድሚያ የሚሠራው በጣሊያናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በቪልፍሬዶ ፓሬቶ (1848–1923) ስም በሚጠራው መመዘኛ ማጣራት ነው። አንዱን ዓላማ ሳይጎዱ ሌላውን ማሻሻል የማይቻልበት አማራጭ «ያልተበለጠ» ይባላል፤ የተበለጡት ይወድቃሉ። እስከዚህ ድረስ የሚከራከር አይኖርም። ክርክሩ የሚጀምረው በቀሩት መካከል ነው።

በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ለየዓላማው ክብደት ሰጥቶ ውጤቱን መደመር ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ቅለቱ ግን ያታልላል። ለምሳሌ ያህል ሦስት የውሃ አለቃቀቅ ዕቅዶች ቀርበዋል እንበል። «ሀ» በኃይልና መስኖ 10፣ በጎርፍ መከላከል 0 ነጥብ ያገኛል፤ «ሐ» የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ «ለ» በሁለቱም 4 ያገኛል። ሦስቱም ያልተበለጡ ናቸው። ክብደቱ እኩል ቢሆን «ሀ» እና «ሐ» 5፣ «ለ» 4 ያገኛሉ። ክብደቱ ወደ የትኛውም ወገን ቢያጋድል ደግሞ ከሁለቱ ጫፎች የአንዱ ድምር ከ5 ይበልጣል። ስለዚህ አስታራቂው ዕቅድ በየትኛውም ክብደት አይመረጥም፤ የጣለውም ውሳኔ ሰጪው ሳይሆን የድምሩ ባሕርይ ነው።

ሄይምስ፣ ላስደንና ዊስመር በ1971 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ይህን እንቅፋት ያልፋል። አንዱ ዓላማ ብቻ ከፍ እንዲል ይተውና ሌሎቹ ወደ ገደብ ይለወጣሉ። በምሳሌው «የጎርፍ መከላከል ነጥብ ከ3 አይነስ» ቢባል «ሀ» ይወድቃል፤ ከቀሩት መካከል በኃይልና መስኖ የሚበልጠው «ለ» ይሆናል። ዘዴው ሌላም ጥቅም አለው፤ ገደቡን ደረጃ በደረጃ እያጠበቁ ማስላት ለእያንዳንዱ የጎርፍ ጥበቃ እርምጃ ስንት ኃይል እንደሚከፈል በግልጽ ያሳያል። ገበሬም መሐንዲስም «የሐይቁ ከፍታ በነሐሴ ከዚህ አይለፍ» የሚለውን ይረዳል፤ «ክብደቱ 0.35 ነው» የሚለውን ግን ማን በምን ይመዝነዋል?

የመለኪያው ጉዳይም ከዚህ አያንስም። ኪሎዋት ሰዓት፣ ሄክታርና በጎርፍ የሚፈናቀል ቤተሰብ እንዳሉ አይደመሩም፤ ሁሉም በቅድሚያ ወደ አንድ ሚዛን መምጣት አለባቸው። ልማዱ በቀረቡት አማራጮች መካከል ያለውን ዝቅተኛ ውጤት 0፣ ከፍተኛውን 1 ማድረግ ነው። ሆኖም ማንም የማይመርጠው አንድ ደካማ ዕቅድ ወደ ዝርዝሩ ቢጨመር ዝቅተኛው ወሰን ይለወጣል፤ በዚህም ሳቢያ ክብደቱ ሳይነካ፣ የነባሮቹ ዕቅዶች ትክክለኛ ውጤትም ሳይለወጥ፣ አንደኛ የነበረው ሁለተኛ ሊሆን ይችላል።